ለነፍሰ ጡር ሴትና ለአራስ አስቀድሞ ስለ ማሰናዳት



ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ዳሩ ግን ምጥ የጸናባት ሴት ከገጠር ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ ሐኪም ቤት በቃሬዛ ስትወሰድ፥ ወራቱ ክረምት ከሆነ መንገዱ ጭቃ፥ ወንዙም ሙላት ነው። የብርን ወንዝ በነሐሴ ያየ ሰው ይህን ያለ ምስክር ያምነዋል።

በጎጃም ገጠር ለአራስ የሚደረገው ስንዱነት የተመሰገነ ነው። ወርዋ ሲገፋ የገንፎው ዱቄት ይፈጫል፥ ቅቤው ይጠራቀማል፤ በወለደችም ጊዜ ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊላት ይሰበሰባል። ይህ ሁሉ ግን ከምጥ በኋላ ላለው ቀን ነው። ገበሬ ዝናም ሳይጥል ሞፈሩንና ቀንበሩን ያሰናዳል፤ ሚስቱ ስታምጥ ግን ማን ይሸከማት፥ ወዴትስ ትሂድ የሚለው ምክር የሚጀመረው ብዙ ጊዜ በመንፈቀ ሌሊት ነው።

ጊዜው ስለ ምን እንዲህ ይከብራል ቢባል፥ እናቶችን ከሚገድሉት ነገሮች ዋናው ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የደም መፍሰስ ስለ ሆነ ነው፤ ይህም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነፍስ ያጠፋል። ምጡም ቀንና ሌሊት ሲዘገይ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ገላ ተጭኖ ያቈስለዋል፤ ከዚያም ሽንት ያለ ፈቃድዋ የሚፈስባት ፊስቱላ የሚባለው ደዌ ይመጣል። ሐኪሞቹ ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ካትሪን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፥ በ1974 ለዚህ ደዌ ብቻ የሚሆን ሆስፒታል በአዲስ አበባ አቆሙ፤ ኋላም በባሕር ዳር ቅርንጫፍ ተከፈተ። በጊዜ የደረሰች እናት ግን ይህ ሥቃይ ሊቀርላት ይችላል። በመላው ኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከመቶ ሺህ ልደት 871 እናቶች እንደሚሞቱ ተገምቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቍጥሩ 412 ሆነ። ወረደ እንጂ አልጠፋም።

ስለዚህ ስምንተኛው ወር ሳይገባ ባልና ሚስት ይማከሩ። አምቡላንስ ባይገኝ ቃሬዛውን የሚይዙ ጎረምሶች በስም ይታወቁ፤ ጥቂት ገንዘብና ንጹሕ ጨርቅ ይቀመጥ፤ ደም የሚለግስ ዘመድ ይታሰብ። ባል ወደ ገበያ ወይም ወደ ሩቅ እርሻ የሚሄድ ከሆነ ፈቃዱን አስቀድሞ ይስጥ፤ ፈቃድ ሲጠበቅ የሞተች ሴት ለሽማግሌ ታላቅ ሐዘን ናትና። ቤትዋ ከወንዝ ማዶ የሆነ እንደ ሆነ፥ በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ካለ ቀንዋ ሳይደርስ ገብታ ትቈይ። ደም ቢታያት፥ ራስዋን አጥብቆ ቢያማት፥ ዐይንዋ ቢፈዝ፥ ፊትዋ ቢያብጥ፥ ቢያንቀጠቅጣት ወይም የሕፃኑ እንቅስቃሴ ቢቀንስ ግን ቀን አይቈጠርም፤ ወዲያውኑ ትወሰድ።

አንዳንዶች ሴቶች «ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይጸናብኛል» ብለው ምግብ ይቀንሳሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ የሚደክመው የእናቲቱ ኀይል ነው፥ ልጁም ቀጭጮ ይወለዳል። ከወትሮው አንድ ማዕድ ተጨምሮላት፥ ከእንጀራው ጋር ባቄላ፥ ሽምብራ፥ ጎመን፥ ሲገኝም ወተትና እንቍላል ትብላ፤ ከጤና ጣቢያ የሚሰጣትንም የደም ማነስ ክኒን በየቀኑ ትዋጥ። ስለ ጾሙ የንስሐ አባትዋ አስቀድመው ይጠየቁ። እንሥራ ውኃ ማዘልና ከባድ እንጨት መሸከም ይቅርላት፤ ይህን ሥራ ባል ቢሠራው ነውር የለበትም፥ ነውር ነው የሚሉ ቢኖሩም። ወባ ባለበት ቆላ በአጎበር ውስጥ ትተኛ።

ከወለደች በኋላ እንገር የሚባለው የመጀመሪያ ወተት አይጣል፤ ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቀው እርሱ ነውና በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጥባ። ቅቤ ማዋጥ ይቅር፤ በእትብቱም ላይ ምንም አይቀባ። ቤተ ሰቡ ለወንድ ልጅ 40፥ ለሴት ልጅ 80 ቀን ለክርስትና ሲቈጥር፥ የሐኪሙም ቀን አብሮ ይቈጠር፤ ይኸውም በመጀመሪያው ቀን፥ በሦስተኛው ቀን፥ በሁለተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ነው።