ሁሉን የሚያድን፣ ራሱን የማያይ
(ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)

እኔ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነው። ስለ ምን ላውራላቸው እያልኩ ብዙ ካሰብኩ በኋላ ስለ አንድ ቫምፓየር ልነግራችሁ ወሰንኩ። አዎ፣ ሳቁ! እኔም ጓደኛዬ መጽሐፉን ስትሰጠኝ ስቄባታለሁ።

ፊዩሪ ይባላል። ጄ. አር. ዋርድ የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ የፈጠረችው ገጸ ባሕርይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 መታተም የጀመረው ተከታታይ ልቦለዷ፣ ካልድዌል በምትባል የኒውዮርክ ግዛት ከተማ ተደብቀው ወገናቸውን ከጠላት የሚጠብቁ የቫምፓየር ተዋጊዎችን ታሪክ ይተርካል። ‹የጥቁር ጩቤ ወንድማማቾች› ልንላቸው እንችላለን። ፊልም ላይ እንደምናያቸው የሰው አንገት ሲነክሱ የሚያድሩ አይደሉም፤ ደም የሚጠጡት ከራሳቸው ወገን ነው። መጽሐፎቹ ለአዋቂዎች የተጻፉ ስለሆኑ ‹አንብቡ› ልላችሁ አልመጣሁም።

ፊዩሪ ዛዲስት የሚባል መንታ ወንድም አለው። ዛዲስትን ገና ጨቅላ ሳለ ሞግዚቱ ሰርቃ ወሰደችው። ከዚያም በባርነት ተሽጦ ደሙን እየወሰዱ ሲያሰቃዩት ለመቶ ዓመት ያህል ኖረ። ፊዩሪ ልጁ በጠፋበት፣ በሐዘን በተዋጠ ቤት ውስጥ አደገ። ሲጎለምስ ወንድሙን ፍለጋ ወጣ፤ አገኘውም። ሲያመልጡ ባሕር ውስጥ ገቡና የፊዩሪ እግር በድንጋይ መሃል ተያዘ። ወንድሙ ሊሰምጥ ነው። ፊዩሪ ምን አደረገ? የገዛ እግሩን በጥይት መትቶ ቆረጠና ወንድሙን አወጣ። ከዚያ በኋላ የሚራመደው በሰው ሠራሽ እግር ነው።

ጀግና ነው አይደል? እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት። ታዲያ ሰውየው በዚያ አላቆመም። ቤላ የምትባለውን ሴት ወደዳት፤ እሷ ግን ወንድሙን እንደምትወድ ሲያውቅ ዝም አለ። ሌላው ጓዱ ቪሹስ የማይፈልገው ከባድ ኃላፊነት ሲጣልበትና ከሚወዳት ሴት ሊለየው ሲል፣ ‹በእሱ ፈንታ እኔ ልሁን› ብሎ ሸክሙን ተቀበለ። ሁሌ ‹እኔ ልሁን›!

ማታ ክፍሉን ዘግቶ ሲቀመጥ ግን ሌላ ነገር አለ። ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ድምፅ ይናገረዋል። ‹ጠንቋዩ› ብሎ ይጠራዋል። ከንቱ ነህ፣ የነካኸውን ሁሉ ታበላሻለህ ይለዋል። ያን ድምፅ ዝም የሚያሰኝለት ቀይ ጭስ የሚሉት የሚጨስ ነገር ነው። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ብዙ፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ። ጓዶቹ አንድ ቤት ውስጥ አብረውት ይኖራሉ፤ ጭሱ ይሸታቸዋል፤ ለብዙ ጊዜ ግን ‹ምን ሆነህ ነው?› ብሎ አጥብቆ የጠየቀው የለም። እንዴት ይጠየቃል? እሱ እኮ ሌላውን የሚያድነው ሰው ነው! በጦር ሜዳ ጭካኔው ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ንጉሣቸው ከወንድማማቾቹ አባረረው። እንደ ሙያዬ ከሆነ እዚህ ላይ ንጉሡን እቃወመዋለሁ፤ መባረሩ ወደባሰ ነገር ነው የገፋው። ሄሮይን ወስዶ ሊሞት ደረሰ።

ወንድሙ ዛዲስትን ተመልከቱት። ፊቱ ላይ ጠባሳ፣ አንገቱና እጆቹ ላይ የባርነት ምልክት አለበት። ሁሉም ያያል፤ ሁሉም ይፈራዋል፤ ‹ተጎድቷል› ለማለት ግን ማንም አያመነታም። እሱ ቤት ውስጥ ካለችው ከሜሪ ጋር ቁጭ ብሎ ስለደረሰበት ማውራት ጀመረ። ሜሪ ቀድሞ ራሳቸውን ሊያጠፉ ያሰቡ ሰዎች በሚደውሉበት ስልክ ላይ በበጎ ፈቃድ ታገለግል ነበር። (ይህን ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ የእኛ ሙያ በልቦለድ ውስጥ ብዙ አይገኝም።) የፊዩሪ ቁስል ግን በጎ ሥራው ሥር ተሸፍኗል። መሥዋዕትነቱ ራሱ መደበቂያ ሆኖለታል።

ፊዩሪ በመጨረሻ ጭሱን ተወ። ሕመሙ ሲያንዘፈዝፈው ኮርሚያ የምትባል ሴት አጠገቡ ሆና አስታመመችው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው መጽሐፍ ላይ ነው። ደራሲዋ ግን ትንሽ አፍጥናዋለች፤ እኔ በሥራዬ ያየኋቸው ሰዎች ወራት ይፈጅባቸዋል፣ ተመልሰው ይወድቃሉ፣ እንደገና ይነሳሉ፣ ሐኪምም ያስፈልጋቸዋል።

መጽሐፉን ጨርሼ ስተኛ ታላቅ ወንድሜ ትዝ አለኝ። አባታችን ሲሞት ከአሥረኛ ክፍል ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ የገባ፣ እኔን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ እሱ ነው። በደወልኩለት ቁጥር የምጠይቀው ስለ እማዬ፣ ስለ ታናናሾቻችን፣ ስለ ቤት ኪራይ ነበር። በማግስቱ ደወልኩና ‹ጋሼ፣ አንተስ እንዴት ነህ?› አልኩት። ‹ደህና ነኝ› ብሎ ሳቀ። ‹እሱን ሳይሆን እውነቱን› ስለው ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ‹ሃሎ፣ ሃሎ› አልኩ። ‹አለሁ› አለኝ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ማውራት ጀመረ። ካርዴ እስኪያልቅ አወራን፤ እሁድ ደግሞ ሄጄ ቀኑን ሙሉ አብሬው ዋልኩ።

የተሰጠኝ ሰዓት እያለቀ ስለሆነ የቀረውን ለእናንተ ጥያቄ ልተወው። እስቲ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።