የልጆቻችን ሥልጠና በምን ይመዘን?

 

የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ትምህርት ቤቶች የወላጆች ቀን ያዘጋጃሉ። ልጆቻችን ስለ ሱስ ጎጂነት ድራማ ይሠራሉ፣ ስለ ሥነ ምግባር ግጥም ያነባሉ፤ ዓመቱን በክበብ የሠለጠኑትም የምስክር ወረቀት ይቀበላሉ። እኛም አጨብጭበን፣ ደስ ብሎን ወደየቤታችን እንመለሳለን። ደስታው ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳንጠይቅ መቅረት የለብንም፦ ይህ ሥልጠና ልጃችንን በእርግጥ ጠቅሞታልን?

ጥያቄው ከክፉ ጥርጣሬ የመጣ አይደለም። ልጆች በእጃችን ያሉ አማና ናቸው። አማና የተቀበለ ሰው «ሞክሬያለሁ» ብሎ አያርፍም፤ ሥራው ምን እንዳፈራ ይመረምራል።

በአሜሪካ የሆነውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1983 በሎስ አንጀለስ ከተማ ፖሊሶች ወደ ትምህርት ቤት እየገቡ ልጆች ከአደንዛዥ ዕፅ እንዲርቁ የሚያስተምሩበት «ዴር» የተባለ ፕሮግራም ተጀመረ። ብዙዎች ወደዱት፤ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍልም ተስፋፋ። ሆኖም በ1994 የተለያዩ ጥናቶችን በአንድነት የመረመሩ ባለሙያዎች፣ ፕሮግራሙ ዕፅ መጠቀምን በመቀነስ ረገድ ያመጣው ለውጥ እጅግ አነስተኛ እንደሆነ አስታወቁ። በ1999 የታተመ ጥናት ደግሞ በ6ኛ ክፍል ፕሮግራሙን የተከታተሉትን ልጆች ከ10 ዓመት በኋላ ሲጠይቃቸው፣ ከመምህሮቻቸው የተለመደውን ትምህርት ብቻ ከወሰዱት እኩዮቻቸው ተለይተው አልተገኙም። ሰው የወደደው ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለም።

ታዲያ ፕሮግራም ሁሉ ከንቱ ነውን? አይደለም። በሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. በ2005 «ፓዝስ» የተባለ የወጣት ተማሪዎች ፕሮግራም ተጀመረ። ይህ ፕሮግራም «ይህን አታድርግ» በማለት ብቻ አልተወሰነም፤ ልጁ ከቤተሰቡ ጋር መቀራረብን፣ ራሱን መግዛትን፣ ችግርን መቋቋምን እንዲማር የታሰበ ነበር። ውጤቱን ለመመዘንም 48 ትምህርት ቤቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 24ቱ ፕሮግራሙን ሰጡ፤ 24ቱ አልሰጡም። ተማሪዎቹም ለዓመታት በየጊዜው ተጠየቁ። በተሳተፉት ዘንድ ጥፋትና ዕፅ መጠቀም ከሌሎቹ ባነሰ ፍጥነት እንደጨመረ ታየ።

ዕጣው ለምን አስፈለገ? በፈቃዱ ክበብ የሚገባው ልጅ ብዙ ጊዜ ቀድሞውንም ጨዋ የሆነው ነው። ደግሞም ልጅ ሳይሠለጥንም በዕድሜ ይበስላል። ገበሬ አዲስ ዘር ሲሞክር ከአሮጌው ጎን ዘርቶ እንደሚያወዳድር ሁሉ፣ የሥልጠናም ፍሬ የሚታወቀው በማወዳደር ነው።

እኛ ይህን ያህል ጥናት ለማካሄድ አቅም ባይኖረን መጠየቅ ግን አያቅተንም። በወላጆች ስብሰባ ላይ እንጠይቅ፦ ልጆቹ ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት በምን ሁኔታ ላይ ነበሩ? ካልሠለጠኑት ጋርስ ተነጻጽረዋል? ከዓመት በኋላ ተመልሶ ያያቸው አለ? መጠይቅ ሲሞሉ ስማቸውን እንዳይጽፉ ይደረግ፤ ስሙን የጻፈ ልጅ እውነቱን ለመናገር ይፈራልና። ለክረምት በምናዘጋጃቸው የመድረሳ ኮርሶችም እንዲሁ ነው። ስንት ልጆች እንደተመዘገቡ ስንቆጥር፣ ስንቶቹ በቤታቸው በሶላታቸውና በጠባያቸው እንደጸኑም እንመልከት።

መዛኙ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለነው እኛ ነን። ልጃችን የት እንደዋለ ስንጠይቀው እውነቱን ይነግረናል? ጓደኞቹ ጫት ሲጋብዙት እንቢ ማለት ይችላል? ይህን የሚነግረን ግድግዳ ላይ የሰቀልነው የምስክር ወረቀት አይደለም። ሥልጠናው እንዳልሠራ ካወቅንም እንዲስተካከል እናድርግ እንጂ ከልጁ ተስፋ አንቁረጥ።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፣ ሥራችንንም ፍሬያማ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።