የመኪናው ቃል በስልካችን፦ ስለ ገመድ አልባ የምርመራ አዳፕተርና ስለ ንባቡ



የዛሬው ርእሴ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ነው። ከመሪው በታች ባለው ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያ ላይ ይሰካል፤ በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ ከስልካችን ጋር ይገናኛል፤ የሞተሩን ሙቀት፣ የመኪናውን ፍጥነት፣ የአየሩን ግፊት፣ እንዲሁም ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ቁጥር ያሳየናል። አንዳንዶቻችሁ በኪሳችሁ ይዛችሁታል። አጠቃቀሙን ከእኔ የተሻለ ታውቁት ይሆናል፤ እኔ የምናገረው ስለ ንባቡ ነው። መሣሪያው የሚያቀብለን የመኪናውን ቃል ነው። ያ ቃል እንደ ማንኛውም የምስክር ቃል መመርመር ይኖርበታል፤ እንደ መካነ ሰላም ባለ ከፍታ ላይ ደግሞ ይበልጡን።

መሰኪያው እዚያ ቦታ የተገኘው ለመካኒክ ታስቦ አልነበረም። የካሊፎርኒያ ግዛት የከተሞቿ አየር በመኪና ጭስ ሲታፈን፣ ሞተሩ ጭሱን መቆጣጠር ሲያቅተው ራሱ እንዲናገር የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ ቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መሰኪያና አንድ የጋራ ቋንቋ እንዲኖራቸው ተደነገገ። ይህ ነው ኦ.ቢ.ዲ ሁለት የሚባለው። አውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች በ2001፣ ለናፍጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለች፤ ጃፓንም የራሷን ደንብ ከ2008 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለች። የጋራው ቋንቋ የተወለደው ከጭስ ሕግ መሆኑን ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

አስተርጓሚው ግን ውድ ነበር። ነገሩን የለወጠው ኤልም ኤሌክትሮኒክስ የተባለ ትንሽ የካናዳ ኩባንያ ነው። በ2005 ኤልም 327 የተባለች ቺፕ ለገበያ አቀረበ። የመጀመሪያዋ ቺፕ ፕሮግራም ከቅጂ የሚከላከል ቁልፍ ስላልነበረው በሌሎች አምራቾች ተገልብጦ ዓለምን አጥለቀለቀ። ዛሬ በገበያ ከምናያቸው ርካሽ አዳፕተሮች አብዛኞቹ የዚያ ቅጂ ዘር ናቸው። ብዙዎቹ «ስሪት 1.5» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍባቸዋል፤ ዋናው ኩባንያ ግን በዚህ ቁጥር የሸጠው ምርት የለም። ኩባንያው ራሱ በ2022 ሥራውን ዘግቷል። አባት ሞቶ የልጅ ልጆቹ በስሙ እንደሚነግዱ ማለት ነው።

ንግግሩ ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ስልኩ «01 05» ብሎ ይጠይቃል፤ የሞተሩ ውሃ ሙቀት ስንት ነው ማለቱ ነው። መኪናው «41 05 84» ብሎ ይመልሳል። የመጨረሻዋ 84 በአሥራ ስድስት መሠረት የተጻፈች ናት፤ ወደ ተለመደው አቆጣጠር ስንመልሳት 132 ትሆናለች። ከዚያ 40 ይቀነሳል፤ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እናገኛለን። ይህችን 92 አትርሷት።

አሁን ወደ ምስክርነቱ። ፒ0171 የሚለውን ኮድ ውሰዱ። ትርጉሙ በሲሊንደሮቹ የመጀመሪያ ረድፍ አየሩ በዝቶ ነዳጁ አንሷል ማለት ነው። ይህን የሚመሰክረው በጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ነው። ኮዱን ያነበበ ችኩል መካኒክ ሴንሰሩን ነቅሎ አዲስ ያስገዛል። ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቀናት ይጠበቃል፤ ባለንብረቱ ይከፍላል፤ መብራቱም ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይበራል። ሌባውን ያየውን ሰው አስሮ ሌባውን እንደ መልቀቅ ነው። ጥፋቱ ያለው በተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ በቆሸሸ የነዳጅ ፊልትሮ ወይም በደከመ ፖምፓ ሊሆን ይችላል። ኮዱ ምርመራው የሚጀመርበትን በር ያሳያል። በበሩ ገብቶ መፈለግ የሰው ሥራ ሆኖ ይቀራል፤ አባቶቻችን በበላ ልበልሃ ሙግት ምስክርን እንዴት ያፋጥጡ እንደነበር የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነጥብ የእኛ የደገኞቹ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በባሕር ጠለል 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 74 ይወርዳል። ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ የአየር ማስገቢያውን ግፊት ብታነቡ 74 አካባቢ ታያላችሁ። የውጭ መመሪያ 100 ገደማ መሆን አለበት ቢላችሁ ሴንሰሩን እንዳትጥሉት፤ እውነቱን ነው የተናገረው። በጉንደወይን መንገድ ወደ ዓባይ ሸለቆ ስትወርዱ በየሺህ ሜትሩ ቁልቁለት ወደ 10 ኪሎ ፓስካል ሲጨምር ታያላችሁ። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን የሚያጣውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዳገት ላይ ደከመ ተብሎ ኢንጀክተር አይቀየርለትም።

አሁን ያችን 92 እናምጣት። እዚህ ከተማ ውሃ ክፍት ድስት ላይ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በደጋ ሽንብራ ለመቀቀል የሚፈጀውን ጊዜ እናቶቻችን ያውቁታል። በራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ በዚህ ሙቀት የማይፈላው ክዳኑ አፍኖ ግፊት ስለሚጨምርለት ብቻ ነው። ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ካረጀና ካሾለከ ግን በስልኩ ላይ 95 ይነበባል፤ ፕሮግራሙም በአረንጓዴ ቀለም «ደህና ነው» ይላል፤ ውሃው ግን እየፈላ ነው። በባሕር ዳርቻ ያለ ሾፌር በ95 ዲግሪ ይህ አይደርስበትም። ውሃው ጎድሎ ሴንሰሩ በእንፋሎት ውስጥ ከቀረ ደግሞ ቁጥሩ የብረቱን ትክክለኛ ሙቀት መናገሩን ያቆማል። የቴስታታ ጓርኒሲዮን የሚቃጠለው እንዲህ ነው፤ ስክሪኑ ሰላም እያለ። ዋጋው ከአዳፕተሩም ከክዳኑም ጋር አይወዳደርም።

መሣሪያው ፈጽሞ የማይሰማቸው መኪኖችም በመንገዳችን ብዙ ናቸው። በመሥሪያ ቤቶች የምናውቀው ላንድክሩዘር ባለ 1ኤች.ዜድ ሞተር የናፍጣ ፖምፓው በሜካኒካል መንገድ የሚሠራ ነው፤ የሚያናግሩት የሞተር ኮምፒውተር የለውም። ለጃፓን ገበያ የተሠራ የቆየ ቪትዝ መሰኪያው ቢኖረውም ቋንቋው የኩባንያው ሊሆን ይችላል፤ አዳፕተሩ «አልተገናኘም» ቢል መኪናው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የጭነት መኪኖች ብዙዎቹ ባለ 24 ቮልት ናቸውና ለ12 ቮልት የተሠራውን ዕቃ ከመሰካታችሁ በፊት አጣሩ። ሥራችሁን ስትጨርሱም ንቀሉት፤ ባትሪ ይጠጣል፤ የብዙዎቹ የይለፍ ቁጥር 1234 ስለሆነም አጠገባችሁ የቆመ ሰው ሊገናኘው ይችላል።

ወደ ጭሱ ሕግ ልመለስ። ሀገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላ ወደ ኤሌክትሪክ ዞራለች። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም፤ ጭስ ከሌለ የጋራውን ቋንቋ እንዲናገር ያስገደደው ሕግ አይደርስበትም። የባትሪው ጤንነት፣ የእያንዳንዱ ሴል ቮልቴጅ፣ የመሙያው ታሪክ በአምራቹ ቁልፍ ሊዘጋ ይችላል። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው ግን ከምንም በላይ ማወቅ የሚፈልገው የባትሪውን ሁኔታ ነው፤ የመኪናውን ዋጋ የሚወስነው እሱ ነውና። የማሳቹሴትስ ሕዝብ በ2012 እና በ2020 በቀጥታ ድምፅ የጥገና መረጃ ለባለቤቱና ለመረጠው ጋራዥ እንዲከፈት ወስኗል። ካሊፎርኒያም ከ2026 ሞዴል ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪኖች የባትሪ መረጃቸውን በተወሰነ የጋራ መልክ እንዲሰጡ አዛለች። እኛ መኪና አምራች ባንሆንም ገዢ ነን፤ ገዢም ሲገዛ ይደራደራል። የባትሪን ጤንነትና የብልሽት ኮዶችን በክፍት መንገድ የማያስነብብ መኪና የማስገቢያ ፈቃድ እንዳያገኝ ማድረግ የሚቻለው ገበያው ገና ሲመሠረት፣ ማለትም አሁን ነው። ይህ ካልሆነ የመካነ ሰላም መካኒክ የተበላሸ መኪና በጭነት ወደ አዲስ አበባ ከመላክ ሌላ የሚሠራው አይኖረውም።

ከወርክሾፓችን ፊት ለፊት ሁለት መኪኖች ቆመዋል፤ አንዱ ቃሉን ይሰጣል፣ ሌላው ዝም ይላል። ጥያቄ ያላችሁ እዚያው እየሠራን ጠይቁኝ።