ከመንገዱ በፊት ሰዓቱን
ስለ ሞርካም ባሕረ ሰላጤ የእግር መንገዶች፥ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



ልንናገር የመረጥነው ስለ ባሕር ነው። ይህን ስንል ከመካከላችሁ የሚገረም እንደሚኖር እናውቃለን፤ እኛ ሁላችን የደጋ ልጆች ነን፤ ከክፍላችን ባሕር በዓይኑ ያየ አንድም ተማሪ የለም። የምንናገረውም ከመጽሐፍ፥ ከካርታና ከመምህራችን ያገኘነውን እንጂ በእግራችን የረገጥነውን አይደለም። ነገር ግን ይህን ርእስ የመረጥንበት ምክንያት አለን፤ እርሱን አስቀድመን እንናገር።

ባለፈው ዓመት ክፍላችን በእግር ጉዞ ወጥቶ ነበር። ከቀትር በኋላ ስንመለስ አንድ ወንዝ ዳር ደረስን። ጠዋት ስንሻገረው ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበር፤ አሁንም ያው ነበር። ሰማዩም ከላያችን ጥርት ብሎ ነበር። በወንዙ ዳር ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ፥ «ልጆቼ፥ አትግቡ፤ ከላይ ዘንቧል» አሉን። እኛ ግን ሳቅን። ሁለት ጓደኞቻችን ጫማቸውን አውልቀው ሊገቡ ሲሉ መምህራችን ክንዳቸውን ይዘው መለሷቸው፤ ሁላችንም አኵርፈን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ቈየን ከላይ እንደ ነጐድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ደራሹ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ መጣ፤ ልንሻገርበት የነበረውንም ስፍራ በአንድ ጊዜ ዋጠው። ያን ጊዜ ከመካከላችን አንድ ቃል የተናገረ አልነበረም። በመጨረሻ ሽማግሌውን ልናመሰግን ቀረብን፤ እርሳቸው ግን፥ «እኔን ምን ታመሰግናላችሁ፤ ከኋላችሁ ለሚመጣው ንገሩ» አሉን።

በማግሥቱ የጂኦግራፊ መምህራችን በጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ካርታ ሰቀሉና፥ «ትናንት ያያችሁት ውኃ መምጫው አይታወቅም። በዚህ ካርታ ላይ ያለው ግን በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፤ ሰዓቱም አስቀድሞ በሰንጠረዥ ይታተማል። ይሁን እንጂ ሰው ይሰጥምበታል። ለምን ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቁን። ካርታው በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ አገር የሚገኘው የሞርካም ባሕረ ሰላጤ ነበረ። የዛሬው ንግግራችን ለዚያ ጥያቄ ያገኘነው መልስ ነው። የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሞርካም ባሕረ ሰላጤ የአይሪሽ ባሕር ወደ የብስ ገብቶ በሰፊው የተኛበት ስፍራ ነው። ኬንት፥ ሌቨን፥ ኪር፥ ሉንና ዋየር የሚባሉ ወንዞች ይፈስሱበታል። ባሕሩ ሲጐድል 310 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል አሸዋና ጭቃ ይገለጣል፤ በብሪታንያ ይህን የሚያህል ሌላ የለም። ውኃው እስከ 12 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሸሻል። በትልቁ ሙላት ጊዜ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ውኃ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 10 ሜትር ይደርሳል፤ ይኸውም የባለ ሁለት ፎቅ ቤት ቁመት ያህል ነው።

የዚህ ምክንያት ጨረቃ ናት፤ ፀሐይም ታግዛታለች። ጨረቃ የባሕሩን ውኃ ስለምትስብ፥ ምድርም ስለምትዞር፥ ባሕሩ በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፥ ሁለት ጊዜም ይጐድላል። ከዚህ የተነሣ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ ስለዚህ የዛሬ ሳምንት የደረቀ አሸዋ ያገኘ ሰው ዛሬ በዚያው ሰዓት ቢመለስ ጥልቅ ባሕር ያገኛል። ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ የጨረቃና የፀሐይ ስሕበት ስለሚደመር ሙላቱ ከሁልጊዜው ይበልጣል። በአገራችን ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ ሊቃውንት በዓላትን ለማውጣት የጨረቃን ሌሊት ይቈጥራሉ፤ የሞርካም ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ነፍሱን ለማትረፍ ይቈጥራል።

እንግዲህ በሐሳባችን እንደ መንገደኛ ሆነን የባሕሩን ዳር ይዘን እንሂድ። መነሻችን ግሬንጅ ኦቨር ሳንድስ የምትባለው ከተማ ትሁን፤ የስሟ መጨረሻ «ከአሸዋው ማዶ» እንደ ማለት ነው። በከተማይቱ ዳር ረጅም የመንሸራሸሪያ መንገድ አለ። ቀድሞ ባሕሩ የዚህን መንገድ ግንብ ይመታ ነበር። የኬንት ወንዝ መሄጃውን ስለ ቀየረ ግን ዛሬ በግንቡ ሥር ሣር በቅሏል። ከዚህ የምንረዳው በዚያ አገር የብስና ባሕር ድንበራቸው የጸና አለመሆኑን ነው።

ከግሬንጅ ማዶ አርንሳይድ የምትባል መንደር ትታያለች። በ1857 የተከፈተው የባቡር መስመር በረጅም ድልድይ ላይ አልፎ በጥቂት ደቂቃ ያሻግራል፤ ድልድዩ ግን ለእግረኛ አልተሠራም። ስለዚህ በእግሩ የሚሄድ ሰው ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ ወጥቶ፥ መሻገሪያ አግኝቶ፥ በሌላው ዳር ተመልሶ መውረድ አለበት። ይህ ብዙ ሰዓት የሚወስድ መንገድ ነው። አሸዋው ደግሞ ከፊቱ ለጥ ብሎ ተዘርግቶ፥ የሚሄድባትም መንደር ከማዶ እየታየች፥ «ለምን ትዞራለህ፤ በዚህ እለፍ» የሚለው ይመስላል። እኛ ወንዙ ዳር ጫማችንን ያወለቅነውም እንዲህ ባለው ፈተና ነበር።

በዚህ አሸዋ ላይ ሁለት ዓይነት አደጋ አለ። የመጀመሪያው የውኃው አመጣጥ ነው። ባሕሩ ሲመለስ ሁልጊዜ ከፊት ለፊት እየታየ አይመጣም፤ አስቀድሞ በአሸዋው መካከል ያሉትን ዝቅተኛ ቦዮች ይሞላል። ከፍ ባለው አሸዋ ላይ የቆመ ሰው እግሩ ደረቅ ነው፥ ፊቱም ደረቅ ነው፤ ዘወር ሲል ግን ከኋላው የነበረው ቦይ ወንዝ ሆኖ ይጠብቀዋል። ሁለተኛው አደጋ የሚያሰጥመው አሸዋ ነው። ውኃ የጠገበ አሸዋ ላዩ ጠንካራ ይመስላል፤ ሲረግጡት ግን ይከዳል፤ እግርንም ጨብጦ ይይዛል። እንዲህ የተያዘውን ሰው የሚገድለው ብዙውን ጊዜ አሸዋው ራሱ አይደለም፤ በሰዓቱ የሚመጣው ውኃ ነው።

ባቡር ከመምጣቱ በፊት ከላንካስተር ወደ ማዶ የሚሄድ መንገደኛ፥ ፈረሰኛውም ሠረገላውም፥ በዚህ አሸዋ ላይ ይሻገር ነበር፤ ብዙዎችም በመንገድ ቀርተዋል። ስለዚህ ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በመንግሥት የተሾመ መንገድ መሪ አለ። ከነዚህ መሪዎች ስማቸው ከሁሉ የታወቀው ሴድሪክ ሮቢንሰን ናቸው። ዓሣ አጥማጅ የነበሩት እኚህ ሰው በ1963 ተሾመው እስከ 2019 ድረስ፥ ማለት 56 ዓመት፥ ሕዝብ አሻግረዋል። ደመወዛቸው በዓመት 15 ፓውንድ ነበረ፤ ከዚህም ሌላ መኖሪያ ቤት ተሰጥቷቸው ነበር። ያረፉት በ2021 ነው።

ከሥራቸው ሁሉ ያስደነቀን አንድ ነገር ነው። ሕዝቡን ከማሻገራቸው በፊት ራሳቸው ወደ አሸዋው ወጥተው፥ በዱላ እየወጉ መሬቱን ይመረምሩ ነበር፤ ደህና ሆኖ ባገኙት መስመር ላይም የሎረል ቅርንጫፍ እየተከሉ ምልክት ያደርጉ ነበር። ወንዙ መሄጃውን ስለሚቀያይር ያለፈው ወር መንገድ የዚህ ወር መንገድ አይሆንም። ያን ያህል ዘመን በአሸዋው ላይ የኖሩት ሰው «መንገዱን አውቀዋለሁ» ብለው ሳይመረምሩ አልሄዱም። እኛ ግን አንድ ቀን ጠዋት የተሻገርነውን ወንዝ አወቅነው ብለን በሽማግሌ ላይ ስቀን ነበር።

ከአርንሳይድ ተነሥተን ወደ ደቡብ እንቀጥል። በዚች መንደር የባሕሩ ሙላት ከመድረሱ በፊት ለሕዝቡ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሲነፋ ኖሯል። ከመንደሩ በላይ 159 ሜትር ከፍታ ያለው አርንሳይድ ኖት የሚባል ኰረብታ አለ፤ ሰላጤው ከዚያ ላይ በግልጽ ይታያል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በኖራ ድንጋይ ገደሎች አጠገብ አልፎ ወደ ሲልቨርዴል ይወስዳል። ከሲልቨርዴል በታች፥ በ1870ዎቹ ባሕሩን ገድበው የእርሻ መሬት ለማውጣት ያሰቡ ሰዎች የጀመሩት የድንጋይ ግንብ ቅሪት ይገኛል። ገንዘባቸው ስላለቀ ሥራውን ትተውታል።

ቀጥሎ የምንደርሰው ሄስት ባንክ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንድንል እንለምናችኋለን። በ2004 ዓመት፥ የካቲት 5 ቀን ማታ፥ በዚያ አካባቢ ባለው አሸዋ ላይ ከቻይና የመጡ ሠራተኞች በዛጎል ውስጥ የሚኖር ትንሽ የባሕር እንስሳ ይለቅሙ ነበር። ክረምት ነው፤ ጨለማ ነው፤ አገሩንም ቋንቋውንም አያውቁም። ያሠማራቸው አሠሪ ስለ ሰዓቱ አልተጨነቀም። የአገሩ ለቃሚዎች ሥራቸውን ጨርሰው ወደ የብስ ሲመለሱ፥ ቋንቋ ስላልተግባቡ በክንዳቸው ላይ ያለውን ሰዓት በጣታቸው እየመቱ ሊያስጠነቅቋቸው ሞክረው ነበር። ምልክቱ አልተረዳም። በዚያ ሌሊት ቢያንስ 21 ሰዎች ሰጠሙ። አሠሪው በ2006 ተፈርዶበት 14 ዓመት እስራት ተቀጣ፤ አገሪቱም ሠራተኛ የሚያሠማሩ ደላሎች ያለ ፈቃድ እንዳይሠሩ የሚከለክል ሕግ በ2004 አወጣች።

ይህን በክፍል ስናነብ አንዲት እኅታችን፥ «እኛም አገር እኮ አለ» አለች። እውነቷን ነው። ከአገራችን ወጣቶች በባሕር ተሻግረው ወደ ዓረብ አገር ሊደርሱ ሲሉ በመንገድ የቀሩ ብዙዎች ናቸው፤ ገንዘባቸውን የተቀበላቸው ደላላ መንገዱን ቢነግራቸው እንኳ አደጋውን አልነገራቸውም።

የሞርካምን ከተማና በሄይሻም ኰረብታ ላይ በዐለት የተፈለፈሉትን ጥንታዊ መቃብሮች አልፈን ወደ መጨረሻው ስፍራ እንድረስ። እርሱም ሰንደርላንድ ፖይንት የሚባል ትንሽ መንደር ነው። ወደዚያ የሚያስገባው የመኪና መንገድ ባሕሩ ሲሞላ ውኃ ውስጥ ይሰጥማል፤ ስለዚህ ነዋሪዎቹ የባሕሩን ሰዓት ሳያዩ ከቤታቸው አይወጡም። በመንደሩ አጠገብ በሜዳ ዳር አንድ ብቸኛ መቃብር አለ፤ የአንድ አፍሪካዊ መቃብር ነው። በ1736 ገደማ ከጌታው ጋር በመርከብ መጥቶ በዚያ እንደ ሞተ ይተረካል። በዚያ መቶ ዓመት የላንካስተር ነጋዴዎች ባሪያ በመነገድ ይከብሩ ነበር። እንግሊዞች «ሳምቦ» ብለው ጠሩት፤ እናቱ ያወጣችለት ስም ግን በመቃብሩ ላይ የለም። ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ የተደረገለትም ከሞተ ከ60 ዓመት በኋላ፥ በ1796 ነው። ዛሬ ልጆች ጠጠር ቀለም እየቀቡ በመቃብሩ ላይ ያኖሩለታል። እኛም በቦታው ብንገኝ አንድ ጠጠር ባኖርን ነበር።

እንግዲህ ወደ መምህራችን ጥያቄ እንመለስ። ሰዓቱ ከታወቀ ሰው ለምን ይሰጥማል? ያገኘነው መልስ ይህ ነው፤ የሚያውቀው ለማያውቀው ሳይነግር ሲቀር፥ ወይም የተነገረው ሰው አልሰማም ሲል ይሰጥማል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። በሞርካም ዳር የሚሄድ ሰው ጠዋት ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው መንገዱን ሳይሆን ሰዓቱን ነው፤ የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ሰዓት ለቤተ ሰው ይናገራል፤ ወደ አሸዋው ግን ያለ መሪ አይገባም። ይህን ማድረግ ፈሪነት አይደለም። እነዚያ ዓሣ አጥማጆች ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ባሕሩን ከማንም ይልቅ ስለሚያውቁት ነው።

እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚህ በር እንወጣለን። ከፊታችን ያለው ሜዳ ዛሬ ደርቆና ለጥ ብሎ ይታየናል፤ ቦዩ የት እንዳለ ግን አናውቅም። ስለዚህ መምህራኖቻችንና ወላጆቻችን ሆይ፥ ቀድማችሁ ተሻግራችኋልና የምታውቁትን እንድትነግሩን እንለምናለን፤ ብንስቅ እንኳ ዝም አትበሉ፥ ክንዳችንን ይዛችሁ መልሱን። እናንተ ታናናሾቻችን ደግሞ የሽማግሌው አደራ ስላለብን ይህን ነገርናችሁ። በወንዙ ዳር የተቀመጥንበት ድንጋይ ዛሬም በዚያው ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት በጉዞ ስታልፉ ቁጭ በሉበት፥ ከላይ ዘንቦ እንደ ሆነም ጠይቁ።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ እንመኛለን።