ብዙ ሰው ላለበት ቤት የራውተር አመራረጥ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በጎንደር ከተማ የተደረገ ንግግር)




ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ መንገድ በሚነገርበት ጉባኤ ላይ ስለ አንዲት ትንሽ የቤት ዕቃ ለመናገር መቆሜ ከእናንተ አንዳንዶቹን ሳያስገርም አይቀርም። ይሁን እንጂ መሐንዲስ ነህ እየተባልሁ ከዘመድና ከጎረቤት ከሚቀርብልኝ ጥያቄ ሁሉ የሚበዛው «የትኛውን ራውተር ልግዛ?» የሚለው ነው። እናንተም እንደምትጠየቁ አልጠራጠርም። መልሳችን ያለ ምርመራ የሚሰጥ ከሆነ በችግር የተገኘ የሰው ገንዘብ እናባክናለን።

ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። በቤታችን አሥራ አንድ ሰው አለ፤ ተማሪ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ሕፃናትም አሉ። ባሕር ማዶ የሚኖረው ወንድሜ እሑድ ማታ በቪዲዮ ሲደውል ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ፊቱም እየደረቀ ይቀር ነበር። እናቴ «ልጄ አሞት ደብቆኝ ነው» እያለች መጨነቅ ጀመረች። እኔም ስድስት አንቴና ያለውን፣ የአንድ ወር ደመወዜን ሊጨርስ ጥቂት የቀረውን ራውተር ገዝቼ ገባሁ። እሑድ ደረሰ፤ ድምፁ እንደ ቀድሞው ተቆራረጠ። በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት መግዛት ይሏል ይኸው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ችግሩ በውጭው መስመር ነው ወይስ በቤቱ ውስጥ ባለው አየር ብሎ መለየት ነው። ፈተናው ቀላል ነው። ኮምፒዩተርን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ ፍጥነቱን መለካት፣ ቀጥሎም ያለ ገመድ ከየክፍሉ መለካት ነው። በገመዱም ፍጥነቱ ደካማ ከሆነ አዲስ ራውተር መስመሩን አያፋጥነውም። በገመዱ ጥሩ ሆኖ በጓዳ ከደከመ ግን ጉዳዩ የአየሩ ነው። ከመግዛት በፊት የመስመሩንም ዓይነት ማወቅ ይገባል። በመዳብ የስልክ ሽቦ ለሚመጣ መስመር ሞደም ያስፈልጋል፤ በፋይበር ለሚመጣው ከፋይበሩ መጨረሻ መሣሪያ የሚነሣውን ገመድ የሚቀበል ራውተር ይበቃል፤ በሲም ካርድ የሚሠራው ደግሞ ሌላ ነው። እነዚህን ሳይለዩ ገዝቶ መመለስ የተለመደ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ግድግዳ ነው። ጎንደር ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ በድንጋይና በኖራ ስትገነባ የኖረች ከተማ ናት። በፒያሳ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያሠራቸው ሕንፃዎች አሉ፤ በአዘዞና በማራኪ ብሎኬት በዝቷል፤ በዳባትና በደባርቅ ደጋ ደግሞ ብርዱን ለመከላከል ግድግዳው ይወፍራል፣ መስኮቱም ይጠብባል። ራውተሮች በአብዛኛው በሁለት ሞገዶች ይሠራሉ። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 12 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ሲሆን ግድግዳን በተሻለ ይሻገራል፤ ነገር ግን እርስ በርስ ሳይነካኩ የሚሠሩት መስመሮቹ ሦስት ብቻ ስለሆኑ ከጎረቤት ራውተር ጋር ይሻማል። የ5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፤ ግን በወፍራም ግድግዳ ቶሎ ይደክማል። እርጥበት የጠጣ የጭቃ ግድግዳ ሞገዱን ይመጥጣል፤ የብረት በርና ቆርቆሮ ደግሞ ይመልሰዋል። ስለዚህ ሁለቱንም ሞገዶች የሚይዝ መግዛት፣ ከገዙም በኋላ በቤቱ መካከል፣ ከፍ ባለ ቦታ፣ ከብረት ቁም ሣጥንና ከማይክሮዌቭ አርቆ መስቀል ይገባል።

የአንቴና ብዛት ብዙ ሰው ያታልላል። ራውተሩ ጮኾ ቢጣራ እንኳ ትንሿ ስልክ የምትመልሰው በራሷ አቅም ነው፤ መልሷ ካልተሰማ ጭውውት የለም። ለጓሮው ሰርቪስ ቤት የሚሻለው አንድ ትልቅ ራውተር ሳይሆን እስከዚያ የኔትወርክ ገመድ ዘርግቶ ሁለተኛ ማሠራጫ መትከል ነው። የተለመደው ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያገለግላል። ሞገዱን በዚያው መስመር ተቀብለው የሚደግሙት ኤክስቴንደሮች ግን አንዱን መልእክት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፉ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ያወርዱታል።

ሦስተኛው የሰው ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው አሎሃኔት ብዙ መሣሪያዎች አንድ አየር ሲጋሩ የሚነሣውን ጥያቄ አስቀድሞ አሳይቷል፤ ይኸውም ሁሉም በአንድነት ከተናገረ ማንም አይሰማም። የዛሬውም ራውተር እንደ ሸንጎ በየተራ ያናግራል። በሩቅ ክፍል ያለ ደካማ ስልክ ቀስ ብሎ ስለሚናገር የሌላውንም ጊዜ ይበላል። ከዚህ የተነሣ ለብዙ ሰው ቤት ዋይፋይ 6 የተባለው ደረጃ ይመረጣል፤ ለብዙ መሣሪያዎች አንዱን ተራ ከፋፍሎ መስጠት ይችላልና። ሆኖም ስልኮቹም ደረጃውን የሚያውቁ መሆን አለባቸው።

አራተኛው፣ የእኛንም ቤት የፈታው፣ ወረፋ ነው። በመዳብ መስመር ወደ ውጭ የሚላከው መንገድ ከሚገባው እጅግ የጠበበ ነው። እሑድ የልጆቹ ስልኮች የሳምንቱን ፎቶግራፍና ቪዲዮ ወደ ውጭ ማከማቻ ሲልኩ ጠባቡ መንገድ ይሞላል፤ ራውተሩም የተረፈውን በረጅም ወረፋ ያቆመዋል። የእናቴ ድምፅ ከዚያ ወረፋ ጀርባ ይቆም ነበር። ለዚህ መድኃኒቱን እ.ኤ.አ. በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ባሳተሙት ጥናት አቅርበዋል፤ ከእርሱም የተወለዱ የወረፋ መቆጣጠሪያዎች ዛሬ በብዙ ራውተሮች ውስጥ ይገኛሉ። የመላኪያውን ልክ ከመስመሩ እውነተኛ ፍጥነት ጥቂት ዝቅ አድርጎ መወሰን፣ ወረፋውንም ለብልሁ መቆጣጠሪያ መተው ነው። ይህን የሚያደርገው ራውተር ከስድስት አንቴናው ይልቅ ርካሽ ሆኖ ተገኘ።

ስለ ኤሌክትሪክም ጥቂት ልበል። ብዙዎቹ ራውተሮች በ12 ቮልት የሚሠሩ ስለሆኑ ቮልቱና አምፔሩ ከተስማማ ትንሽ ባትሪ መብራት ሲጠፋ ለሰዓታት ያቆያቸዋል። መብራት ሲመለስ ከሚመጣው የኃይል ግፊት የሚከላከል መሣሪያ ማስገባት፣ በክረምት ነጎድጓድም ጊዜ የስልኩንና የኤሌክትሪኩን ገመድ መንቀል ይገባል። ለደኅንነት ደብሊው ፒ ኤ 2 ወይም 3 ያለውን፣ አምራቹም ሶፍትዌሩን ማደስ ያልተወውን መምረጥ፤ ከፋብሪካ የመጣውንም የይለፍ ቃል በመጀመሪያው ቀን መለወጥ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ በሲም ብቻ የተማመነ ቤት ምን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ሲምም የውጭ ገመድም የሚቀበል ራውተር ብልጫ አለው። የውጭው መስመር ቢቆረጥም የውስጡ መረብ አይሞትም፤ በራውተሩ ላይ በተሰካ ዲስክ የተቀመጡ መጻሕፍትን ተማሪዎች ከየክፍላቸው ማንበብ ይችላሉ።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ለጠያቂው መልስ ከመስጠታችን በፊት እኛው እንጠይቀው። መስመርህ ምን ዓይነት ነው? ግድግዳህ ከምን ተሠራ? ስንት ሰው በየትኛው ሰዓት ይጠቀማል? ወደ ውጭስ ምን ይላካል? ከአራቱ መልስ በኋላ የዋጋው ነገር ይቀላል።

ወረፋው በተስተካከለበት እሑድ እናቴ ከወንድሜ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ተነጋገረች። ስትጨርስም ስለ ራውተሩ አንዳች አልጠየቀችኝም፤ «ደኅና ነው፣ ወፍሯል» ብቻ አለች።