ሰቆጣ ላይ የንግድ ሬዲዮ፦ ማን ይሰማል? ማን ይከፍላል?



በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰቆጣ ከአፋር በረሃ የሚመጣ አሞሌ የሚራገፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ከጨዉ ጋር ወሬም ይራገፍ ነበር፤ የየአገሩ ዋጋና የመንገዱ ሰላም የሚሰማው ከሲራራ ነጋዴ አፍ ነው። የዛሬው ነጋዴ ያንን ሥራ የሚወርስ የኤፍኤም ጣቢያ ላቋቁም ቢል፣ ማመልከቻው የሚያርፈው አዲስ አበባ፣ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ዘንድ ነው።

መንገዱ አጭር ሆኖ አያውቅም። የግል ባለሀብት ሬዲዮ እንዲያቋቁም በር የከፈተው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178 የወጣው በ1991 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ፈቃዶች የተሰጡት ግን በ1998 ዓ.ም. ነበር፤ ሸገር 102.1 እና ዛሚ 90.7 ተወዳድረው አገኟቸው። ሁለቱም የአዲስ አበባ ጣቢያዎች ነበሩ።

ቀጥሎ የመጣው አዋጅ ቁጥር 533/1999 አመልካች በምን እንደሚመዘን በግልጽ አስቀመጠ፦ የገንዘብ ምንጩ በቂና አስተማማኝ መሆኑ፣ የቴክኖሎጂና የአደረጃጀት አቅሙ፣ ዕውቀቱና ልምዱ፣ ፕሮግራሙ የኅብረተሰቡን ፍላጎት ማንጸባረቁ። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነው። ሕጉ ቢለወጥም፣ የሰቆጣ ዞን በሆነችው ዋግ ኽምራ ላይ ጣቢያ ሊያቆም የሚነሳ ሰው ከእነዚያ ጥያቄዎች አያመልጥም።

መጀመሪያ የሚገጥመው ተራራው ነው። የኤፍኤም ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይጓዛል እንጂ ገደል ወርዶ ሸለቆ አይዞርም። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ 30 ሜትር ቁመት ያለው ማማ መሬት ላይ ላለ ራዲዮ የሚደርሰው ከ20 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ የዝቋላ ወረዳዋ ጽጽቃና የአበርገሌ ወረዳዋ ኒሯቅ ግን ወደ ተከዜ በሚያሽቆለቁለው ቆላ ናቸው። መካከል ላይ ጋራ ከገባ የማሰራጫውን ዋት እጥፍ ማድረግ ብዙም አይፈይድም፤ የሚፈይደው ሌላ ኮረብታ ላይ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሁለተኛ ማሰራጫ ነው። ያ ደግሞ የራሱ ማማ፣ የራሱ ዘበኛ፣ መብራት ሲጠፋም የራሱ ጄኔሬተር ወይም ሶላር ይፈልጋል።

ከዚያ ገንዘቡ ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ ባንኩና የሪል እስቴት ኩባንያው ማስታወቂያ ያስነግራሉ፤ ጣቢያው የአየር ሰዓት ለተባባሪ አዘጋጆች ይሸጣል፣ እነሱም ስፖንሰር ይፈልጋሉ። በ1999ኙ ቆጠራ ዋግ ኽምራ 426,213 ሕዝብ ነበራት፤ ከዚህ ውስጥ የከተማ ነዋሪው ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም። እዚህ ደንበኛ የሚሆኑት የሆቴል ባለቤት፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብር፣ ተማሪ የሚመዘግብ ኮሌጅ፣ ጨረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ናቸው። በሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር፣ እንዲህ ዓይነቱ ንግድ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚቆም ታይቷል።

ደግሞም አመልካቹ ባዶ ሜዳ ላይ አይገባም። የዋግ ኽምራ ማኅበረሰብ ሬዲዮ አለ፤ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንም ከባሕር ዳር በአካባቢው ቋንቋ በኽምጥኛ ያሰራጫል። ሁለቱም ትርፍ ቆጥረው የሚኖሩ አይደሉም። በ2007 ዓ.ም. የተገባውን የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ ማለትም የሕፃናትን መቀንጨር የማስቀረት ዘመቻ፣ ለእናቶች በየቋንቋቸው ማስረዳት የሚቀለው ለእነሱ ነው።

ታዲያ ለነጋዴው ምን ይቀራል? የአበርገሌ ፍየል ዛሬ ስንት ዋለ? ማሩ በየወረዳው በስንት ተሸጠ? የትኛው መኪና ወደ ኮረም ወይም ወደ ወልድያ ይነሳል? ይህን ማለዳ ማለዳ በአማርኛና በኽምጥኛ የሚናገር ጣቢያ ገበሬውም ደላላውም ይሰማዋል፤ ሰሚ ባለበት ደግሞ አስነጋሪ ይመጣል።

እንግዲህ የማመልከቻው ዶሴ ሲከፈት፣ ከንግድ ምዝገባውና ከመተዳደሪያ ደንቡ ፊት ሁለት ወረቀት ቢገኝ ይመረጣል። አንዱ በአምደወርቅ፣ በአስከተማና በጽጽቃ መንገድ ሞገዱ የት ድረስ እንደሚዘልቅ በባለሙያ የተጠና ካርታ። ሌላው፣ ለመጀመሪያው ዓመት ማስታወቂያ ለማስነገር የፈረሙ የሰቆጣ ነጋዴዎች ዝርዝር፣ ከነሚከፍሉት ብር።