የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን ነው?



የሰዋስው ትምህርት ሲጀመር ተማሪው የሚሰማው ብያኔ አጭር ነው፦ ባለቤት ድርጊቱን የፈጸመው ነው፤ ማሰሪያ አንቀጽ ደግሞ ድርጊቱን የሚናገረው ግስ ነው። «ከበደ በሩን ከፈተ» ሲባል ብያኔው ያለ ችግር ይሠራል። ያው ተማሪ ግን የዕረፍት ደወል ሲደወል ለጓደኛው «ራበኝ» ይለዋል። አንድ ቃል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሆነ። ባለቤቱ ማን ነው?

ብዙ ሰው «እኔ» ብሎ ይመልሳል፤ የተራበው ተናጋሪው ነውና። ግሱ ግን እንዲህ አይልም። «እኔ» ባለቤት ቢሆን ኖሮ ቃሉ እንደ «ሮጥኩ» በ«ኩ» ባለቀ ነበር። የ«ራበኝ» መጨረሻ የ«መታኝ» መጨረሻ ነው፤ ተናጋሪው የገባው በተሳቢው ቦታ ነው። ተራቢው ቢለዋወጥ፣ ራበው፣ ራባት፣ ራባቸው ቢባል፣ በግሱ ውስጥ ያለው ባለቤት ንቅንቅ አይልም፤ ሦስተኛ መደብ፣ ነጠላ ቁጥር፣ ተባዕታይ ጾታ እንደሆነ ይቀራል። ስሙ አይጠራም። «ጠማኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ደከመኝ» በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። «ራሴን አመመኝ» ሲባልማ ራስም «ን»ን ይዞ ተሳቢ ሆኗል፤ አሳማሚው ግን የትም የለም።

ከዚህ ተነሥቶ አማርኛ ተናጋሪ ረሃብን ከውጭ እንደሚመጣ ኃይል ያያል ማለት ችኮላ ይሆናል። ያው ሰው «ተራብኩ» ሲል ራሱን ባለቤት ያደርጋልና። ቋንቋው ሁለቱንም መንገድ ሰጥቶታል።

ከዚህም የሚያከራክር ምሳሌ አለ። «አስቴር ሁለት ልጆች አሏት» ሲባል ወሬው ስለ አስቴር ነው፤ ቀድማ የተጠራችው እሷ ናት፣ «ን»ም አልተጨመረባትም። ሆኖም «አሉ» የተባሉት ልጆቹ ናቸው። አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ብትኖራት ግሱ ወዲያው «አለቻት» ይሆናል። አስቴር የወሬው መነሻ ናት፤ የሰዋስው ባለቤትነት ግን የልጆቹ ነው። እንግዲህ አስተማማኙ መፈተኛ ድርጊት ፈጻሚን ማሰስ ሳይሆን ስሙን በቁጥርና በጾታ እየለወጡ ማሰሪያው የትኛውን እንደሚከተል ማየት ነው። ፕሮፌሰር ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. በታተመው «የአማርኛ ሰዋስው» ዐረፍተ ነገርን በስማዊና በግሳዊ ሐረግ ከፍለው ማሳየታቸው ዓይንን ከትርጉም ወደ አወቃቀር ይመልሳል።

መፈተኛው አንድ ቦታ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ሐኪሙ መጡ» ሲባል የመጡት አንድ ሰው ናቸው። ስሙ በነጠላ ቆሞ አክብሮቱን የተሸከመው ግሱ ብቻ ነው።

ባለቤትን መፈለጉን ከነጭራሹ የተወም አለ፤ ጀርመናዊው የሒሳብና የፍልስፍና ሊቅ ጎትሎብ ፍሬገ በ1879 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፍ የባለቤትንና የማሰሪያን ክፍፍል ወደ ጎን ተወው። ግሪኮች በፕላቴያ ፋርሶችን ድል ነሡ ቢባል፣ ወይም ፋርሶች በፕላቴያ በግሪኮች ድል ተነሡ ቢባል፣ ከሁለቱ የሚወጣው መደምደሚያ አንድ ነው ሲል ተከራከረ። ለሒሳብ ማስረጃ ይህ ይበቃል። ለአደባባይ ንግግር ግን አይበቃም፤ ተደራጊው ግስ «በግሪኮች» የሚለውን አውጥቶ መጣል ይፈቅዳልና።

በየዕለቱ በዜናና በደብዳቤ የሚነበበው «እርምጃ ተወስዷል»፣ «ውሳኔ ተላልፏል» የሚለው አጻጻፍ በሰዋስው ረገድ አንዳች አይጎድለውም። ባለቤት አለው፤ እርምጃው ራሱ፣ ውሳኔው ራሱ። የጎደለው አድራጊው ነው፤ አንባቢም ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ስለሆነለት ጉድለቱን ሳያስተውል ያልፋል። ያስተዋለ ጋዜጠኛ «እርምጃውን የወሰደው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በዚህ ጥያቄ ውስጥ ባለቤቱ «እርምጃውን የወሰደው» የሚለው ሐረግ ሲሆን፣ የሚፈለገው ስም የሚገባው በማሰሪያው በኩል፣ ከ«ነው» ፊት ባለችው ቦታ ላይ ነው።